ሙቀትና የውሃ እጥረት ባለበት የሰሜን ሸዋ ግቢ ቀይ አበባ እንዴት እንደሚመረጥ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማበርና በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ቆላ ይደርሳል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የዘጠኝና የአሥር ዲግሪ ልዩነት ይኖራል። በደጋው ጓሮ ያማረን አበባ አይቶ ያንኑ በቆላ መትከል ብዙ ጊዜ ችግኝ የሚያስከስረው በዚህ ምክንያት ነው። በመንዝ ጓሳ ቅዝቃዜ ውስጥ ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ቀይ እያበበ የሚታየው ክኒፎፍያ ለአጣዬ ሙቀት አልተፈጠረም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሙቀቱ የሚበረታባቸውንና ውሃ የሚያጥርባቸውን አካባቢዎች፣ ማለትም ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን፣ ከአንኮበር ግርጌ ያለውን የአልዩ አምባ አካባቢ፣ ምንጃር ሸንኮራን፣ እንዲሁም በመርሐ ቤቴ በኩል ያለውን የጀማ ሸለቆ ነው።

ዋናው ምክሬ አንድ ነው። ቀይ አበባ ሲመርጡ አስቀድመው የሚጠይቁት የቀለሙን ድምቀት ሳይሆን፣ ተክሉ ዝናብ የሌለባቸውን ወራት የሚያልፍበትን መንገድ ይሁን። ብዙ ዓመት የሚኖሩና ድርቅ የሚችሉ ተክሎች በጋውን የሚያልፉባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ውሃውን በወፍራም ቅጠላቸው ወይም በግንዳቸው ያከማቻሉ፣ አንዳንዶቹ ከመሬት በላይ ያለውን አካላቸውን አድርቀው ሽንኩርት በሚመስለው ሥራቸው አፈር ውስጥ ይቆያሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ቅጠላቸውን አሳንሰው ወይም አራግፈው ሥራቸውን ወደ ጥልቁ ይሰዳሉ። ከእነዚህ አንዱንም የማያደርግ ተክል፣ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር፣ በጋውን ሙሉ ባልዲ ተሸክሞ የሚመላለስ ሰው ይፈልጋል።

የበልግ ዝናብ በአብዛኛው በመጋቢትና በሚያዝያ ይጥላል፤ ዋናው ክረምት ደግሞ ከሰኔ መጨረሻ አንሥቶ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በሁለቱ መካከል ያለው የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ለተክል ከሁሉም የከበደ ጊዜ ነው። በሐምሌ ወደ ችግኝ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ሁሉንም ለምልሞ ስለሚያገኘው ጠንካራውን ከደካማው ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ችግኙን የሚገዙት በክረምት መግቢያ ቢሆንም ምርጫውን በግንቦት ያድርጉ። በሰፈርዎ እየተዘዋወሩ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር፣ በትምህርት ቤት አጥርና በመንገድ ዳር ባሉ ቤቶች ደጃፍ፣ በዚያ ሙቀት ሳይጠወልግ የቆመው ምን እንደሆነ ይመልከቱ፤ ባለቤቱንም በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደሚያጠጣው ይጠይቁ። ከማንኛውም የጽሑፍ ምክር፣ ከዚህኛውም ጭምር፣ የሚበልጥ መረጃ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከእርስዎ ግቢ ጋር በአንድ ከፍታና በአንድ ዝናብ የተፈተነ ነው።

አፈሩን አስቀድሞ መፈተን

ድርቅ የሚችሉ ተክሎች በውሃ ጥም ከሚሞቱት ይልቅ በክረምት ሥራቸው በስብሶ የሚሞቱት ይበዛሉ። በተለይ እንደ ምንጃር ሜዳ ባለ ጥቁር የመረሬ አፈር ላይ፣ በበጋ መሬቱ እየተሰነጣጠቀ በክረምት ደግሞ ውሃ እያቋተ ስለሚቆይ፣ ይህ ጉዳይ ችላ ሊባል አይገባም። መፈተኛው ቀላል ነው። ጥልቀቱም ስፋቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት፤ ውሃው ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ይሙሉትና ይጠብቁ። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሰረገ ቦታው ለአብዛኞቹ ተክሎች ይሆናል፤ በማግሥቱ ጠዋትም ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ካለ እዚያው መትከል የለብዎትም። መፍትሔው አፈሩን መለወጥ ሳይሆን መትከያውን ከፍ ማድረግ ነው፤ ዙሪያውን በድንጋይ ክበው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ይሥሩ፣ በላዩም አንድ እጅ ደረቅ አሸዋ ወይም ጠጠር ከሁለት እጅ አፈር ጋር ቀላቅለው ይሙሉበት። በሸለቆዎቹ ዳገታማና ድንጋያማ መሬት ላይ ያለ ሰው ይህ ድካም አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ለእህል አይመችም የሚባለው ያ ቦታ ከዚህ በታች ለማነሣቸው ተክሎች ከሁሉም የተመቸ ነው።

እሬት

ለዚህ አካባቢ አንድ ቀይ አበባ ብቻ ምረጥ ብባል እሬትን እመርጣለሁ። ውሃ የሚያከማቸው ቅጠሉ ወራት ያለ ዝናብ ያቆየዋል፣ ፍየል መራራነቱን ስለምትጠላ አትደፍረውም፣ ብዙዎቹ ዓይነቶችም የሚያብቡት ሌላው ነገር በሚደርቅበት ወቅት ነው። ሆኖም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ለፀጉርና ለቆዳ ተብሎ በየችግኝ ጣቢያው የሚሸጠው አሎ ቬራ አበባው ቢጫ ነው፤ ቀይ ፈልጎ እሱን የተከለ ሰው ዓመታት ጠብቆ ያዝናል። ስለዚህ እሬት ሲገዙ እናቱን ተክል አብቦ ይዩት፣ ካልሆነም አብቦ ያየ ሰው ይጠይቁ።

ሰሜን ሸዋ በዚህ በኩል የታደለ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ ከሚበቅሉት የእሬት ዝርያዎች አንዱ የሆነውና ደማቅ ቀይ አበባ የሚያወጣው አሎ ዴብራና ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከደብረ ብርሃን ነው። ሌላው የአገራችን ብቻ የሆነ ዝርያ አሎ ፑልቸሪማ ከገደል አፋፍ ተንጠልጥሎ ቀይ አበባውን ይዘረጋል። ሁለቱም ግን በተፈጥሯቸው የደጋና የወይና ደጋ ተክሎች ስለሆኑ፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ላለ ግቢ ይስማማሉ እንጂ ለሸዋ ሮቢት ቀትር የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም፤ በቆላ የሚሞክራቸው ሰው ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኙበትን የግድግዳ ምሥራቃዊ ጎን ይስጣቸው። ለቆላው የሚበጀው በዚያው ከፍታ ለምዶ ቀይ ሲያብብ ከታየ የጎረቤት እሬት ሥር የበቀለውን ልጅ ለምኖ መውሰድ ነው። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ የተገኘውም ተክል አየሩን የለመደ ይሆናል።

ልጁን ከእናቱ በስለት ለይተው ካወጡ በኋላ ወዲያውኑ አይትከሉት። የተቆረጠው ቦታ ደርቆ ቆዳ እስኪያበጅ ድረስ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፤ እርጥብ ቁስል ይዞ አፈር የገባ እሬት በቀላሉ ይበሰብሳል። ሲተክሉትም የቅጠሎቹ መገናኛ ከአፈሩ በላይ ይሁን፣ በተክልና በተክል መካከልም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። በከባድ ድርቅ ጊዜ ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ጫፋቸው ወደ ቀይ ቡናማ ቢለወጥ አይደንግጡ፤ ተክሉ ፀሐይ የሚያገኘውን ገጹን እየቀነሰ ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላም ቅጠሉ ተመልሶ ይሞላል። ቅጠሉ ከሥሩ በኩል ለስልሶና ውሃ ቋጥሮ በእጅ ሲነኩት የሚነቀል ከሆነ ግን ችግሩ ጥም ሳይሆን የውሃ ብዛት ነው፤ ያንን ቅጠል አስወግደው ከማጠጣት ይታቀቡ።

የአበባው ዘንግ ሲወጣ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ማየት ይገባል። ቀጫጭኖቹ ቱቦ መሰል አበቦች ከታች ጀምረው ወደ ላይ በተራ ስለሚከፈቱ አንድ ዘንግ ለብዙ ቀን ያገለግላል፤ ታች ያሉት ደርቀው ሲንጠለጠሉ ጫፉ ላይ ያሉት ገና እንቡጥ ናቸው። ቀጭንና ቆልመም ያለ ምንቃር ያላት፣ የአበባ ማር የምትመጥ ትንሽ ወፍ ዘንጉን ጨብጣ እየተሽከረከረች የተከፈቱትን አንድ በአንድ ትጎበኛለች። ንቦች ቀይ ቀለምን እንደ እኛ አያዩትም፣ ወፎች ግን አጥርተው ያዩታል፤ ቱቦ መሰል ቀይ አበባ የበዛበት ግቢ በእነዚህ ወፎች የሚዘወተረውም ለዚህ ነው። ለእኔ ቀይን ከሌላው ቀለም የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው።

እሬትን ከገደልና ከጫካ ነቅሎ ማምጣት ግን ነውር ነው። ከአሎ ቬራ በቀር ሁሉም የእሬት ዝርያዎች የዱር ተክሎችና እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ስምምነት ሰነድ ውስጥ የተመዘገቡ ናቸው፤ አንድ የአሎ ፑልቸሪማ ግንድ ከገደሉ ሲነሣም አፈሩን ይዞ የቆየው ሥር አብሮ ይሄዳል።

ሌሎች የሚታመኑ ተክሎች

ቡገንቪሊያ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ቢሆንም በቆላችን አጥርና በረንዳ ላይ ቤተኛ ሆኗል። አበባው የሚባለው ቀይ ነገር በእርግጥ ቅጠል ነው፤ አንዱን ቀንጥሰው ቢያዩት ሦስት ስስ ቀይ ቅጠሎች ሦስት ጥቃቅን ነጭ አበቦችን ከበው ያገኛሉ። ቀለሙ ከአበባ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚቆየውም ቅጠል በመሆኑ ነው። ቡገንቪሊያን የሚጎዳው ብዙ ደግነት ነው፤ አዘውትረው ካጠጡትና ፍግ ካበዙለት አረንጓዴ ቅጠልና ረጃጅም ቀንበጥ እያወጣ ማበቡን ይተዋል፣ ሲጠማ ግን በቀይ ይሸፈናል። ሥሩ ሲነካካ ስለማይወድ ሲተክሉ ላስቲኩን ከጎኑ በምላጭ ቀድደው አፈሩ ሳይፈርስ ወደ ጉድጓዱ ያውርዱት። ከአጥርና ከሌላ ተክል ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፣ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፤ አንድ ዙር አብቦ ሲያበቃ ይከርክሙት፣ ምክንያቱም ቀጣዩ አበባ የሚወጣው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ነው። ሲገዙ ደግሞ ቀለሙን አብቦ ይዩት፤ ቀይ የተባለው ሲያብብ ሐምራዊ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ቦታው ጠባብ ለሆነበት ሰው ብዙዎች የክርስቶስ አክሊል የሚሉት እሾሃማ ተክል ይበጃል። ከማዳጋስካር የመጣ ነው፣ ጥንድ ጥንድ የሆኑ አበባ መሰል ትንንሽ ቀይ ቅጠሎቹን ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያወጣል፣ ጠጠር ላይም ሆነ በቆርቆሮ ውስጥ ይኖራል። ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት የሚመስል ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ከባድ ሕመም ያስከትላል፤ ስለዚህ ሲከረክሙት ጓንት ያድርጉ፣ ልጆች ከሚጫወቱበትም ያርቁት። በአፋርና በሶማሌ ቆላዎች በተፈጥሮ የሚበቅለው፣ ግርጌው ያበጠውና የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው አዴኒየም ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሙቀት የተዘጋጀ ያህል ነው፤ አበባው ከሮዝ እስከ ቀይ ይለያያል፣ ቅጠሉን ባራገፈበት ወቅትም ጨርሶ ውሃ አይፈልግም። ፈሳሹ ግን ከባድ መርዝ ነውና እንስሳት በሚግጡበት ቦታ አይተከልም።

ከሜክሲኮ የመጣውን ሩሴሊያን በችግኝ ጣቢያ ካገኙት ይውሰዱት። ቅጠሎቹ እዚህ ግባ የማይባሉ ትንንሽ በመሆናቸው የቅጠልን ሥራ የሚሠሩት ቀጫጭን አረንጓዴ ቀንበጦቹ ናቸው፤ ከድንጋይ ክብ ላይ ወደ ታች ሲፈስ በቀይ ቱቦ መሰል አበቦች ይሞላል። ጀራኒየም በየቤቱ በቆርቆሮ የሚተከል ስለሆነ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ በምንጃር ወይና ደጋ ይስማማዋል፣ ከ1,500 ሜትር በታች ግን የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝበት ቦታ ይሰጠው። ፖይንሴቲያ ደግሞ ሌሊቱ በሚረዝምበት በገና ሰሞን ቅጠሉን ቀይ ያደርጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል በሚበራበት በረንዳ አጠገብ የተተከለ ግን ረጅም ጨለማ ስለማያገኝ ቀይ መሆኑ ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቀራል።

በየአገሩ የጅብ ሽንኩርት ከሚባሉት ተክሎች መካከል ስካዶክሰስ የተባለው ብዙ አትክልተኛ የዘነጋው ሀብት ነው። በጋውን ከመሬት በታች ተኝቶ ያሳልፋል፤ ዝናብ ሲጀምር በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቀይ አበቦች ክብ ሆነው የተሰበሰቡበት አንድ ራስ ያወጣል። በዛፍ ጥላ ሥር፣ ውሃ በማይቋጥር አፈር ላይ ይተከል። ቦታውን በድንጋይ ምልክት ያድርጉበት፣ አለበለዚያ በበጋ ሲቆፍሩ ይቆርጡታል። ሥሩ መርዛማ ስለሆነ ከሚበላ ሽንኩርት ጋር በአንድ ቦታ አይቀመጥ።

ግቢው ሰፊ ከሆነ ዛፍም ማሰብ ይገባል። ቆርች በበጋ ቅጠሉን ባራገፈ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ ያብባል፣ ጉማጁ እንደ አጥር እንጨት ተተክሎ ይጸድቃል፣ ሥሩም አፈሩን በናይትሮጅን ያበለጽጋል፤ ፍሬው ግን መርዝ ስለሆነ ልጆች ለጨዋታ እንዳይለቅሙት ይነገራቸው። የድሬዳዋ ዛፍ ለቆላው የተመረጠ ጥላ ነው፣ ሆኖም ሥሩ ወደ ጎን ስለሚሰፋና ቅርንጫፉ በንፋስ ስለሚሰበር ከቤትና ከውሃ ቧንቧ ቢያንስ ስምንት ሜትር ይራቅ።

የወፍ ቆሎን ግን ማንም እንዳይተክል አጥብቄ እመክራለሁ። ድርቅ ይችላል፣ ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ ያብባል፣ በነጻም ይገኛል፤ ነገር ግን ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሜዳው ስለሚበትኑት የግጦሽ መሬትን ይወርራል፣ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። ለአንድ ግቢ ውበት ተብሎ የጎረቤትን ግጦሽ ማጥፋት ተገቢ አይደለም። ካና፣ ሂቢስከስና ጽጌረዳ ጉዳት የላቸውም፣ ውሃ ግን ይወዳሉ፤ የሚወዳቸው ሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከእቃ ማጠቢያው አጠገብ ይትከልና በረኪናና ብዙ ጨው ያልገባበትን እጣቢ ያጠጣቸው።

አተካከልና ውሃ

ቁጥቋጦዎቹን በሐምሌ መጀመሪያ፣ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ ይትከሉ፤ ይህም ሥሩ ክረምቱን ሙሉ ወደ ታች እንዲወርድ ጊዜ ይሰጠዋል። እሬትንና ሌሎች ውሃ የሚያከማቹትን ግን ዝናቡ በሚቀንስበት በመስከረም መትከል ይሻላል። ከመግዛትዎ በፊት ችግኙን ከላስቲኩ ሥር አገላብጠው ይዩ፤ ሥሩ በላስቲኩ ግርጌ ተጠቅልሎ የተቋጠረ ከሆነ፣ ከላይ ቢያምርም፣ ከጎኑ ያለውን አጠር ያለ ችግኝ ይምረጡ። ትልቅ ችግኝ ብዙ ቅጠል ስላለው ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ትንሹ ይደርስበታል።

የመጀመሪያው በጋ ከሁሉም የከበደ ስለሆነ ድርቅ ይችላል የተባለውም ተክል ያን ዓመት ውሃ ያስፈልገዋል። ለእያንዳንዱ ቁጥቋጦ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ያህል፣ ቀስ ብለው ማታ ያጠጡ። በየቀኑ አንድ ኩባያ ማፍሰስ ሥሩን ወደ ላይ ይስባል፣ የላይኛው አፈር ሲግልም ተክሉን ይጎዳል። ውሃ በጣም በሚያጥርበት ቦታ፣ ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ አፉ ብቻ እስኪቀር ከተክሉ አጠገብ ቀብረው ውሃ ሞልተው ቢከድኑት፣ ሸክላው ውሃውን ቀስ በቀስ እያሰረገ ሥሩን ያረካል፤ የሚተንነውም ውሃ ይቀንሳል። የተክሉን ዙሪያ በጠጠር ወይም በገለባ ይጎዝጉዙ፣ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ፤ በእሬትና በክርስቶስ አክሊል ዙሪያ ጠጠር እንጂ ገለባ አይደረግም፣ ገለባ እርጥበት ይዞ ያበሰብሳቸዋልና። በሁለተኛው በጋ ውሃውን በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ያድርጉት፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ቡገንቪሊያና ሩሴሊያ በወር አንድ ጊዜ ይበቃቸዋል፣ እሬቱንም ለዝናቡ ይተዉት።